ቆዳ የማይረሳው መዓዛ

ጎንደር ውስጥ ሰው ደስታውንም አክብሮቱንም በመዓዛ ይገልጻል። ቡና ሲፈላ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣን ይጨሳል፤ ሙሽራ ከሠርጓ በፊት የወይባ ጢስ ትሞቃለች፤ እንግዳ የሚጠበቅበት ቤት አስቀድሞ ይታጠናል፤ በአደስ የተለወሰ ቅቤም ለዘመናት የሴቶች ፀጉር ወዝ ሆኖ ኖሯል። በከተራ ታቦቱን አጅቦ ወደ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት በሚወርደው ሕዝብ መካከል የቆመ ሰው የዕጣኑን፣ የአዲሱን የሀገር ልብስና የሽቶውን መዓዛ አንዱን ከሌላው ለይቶ መናገር ይቸግረዋል። ስለዚህ በዚህ ከተማ ለምትኖር ሴት «ከእንግዲህ መዓዛ ያለው ነገር አትንኪ» ብሎ መምከር፣ ከወጓና ከጽዳቷ ጋር የተሳሰረ ነገር እንድትተው መጠየቅ ነው። እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው ምክንያቱን በሚገባ የማስረዳት ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ስለ ሽቶ አለርጂ የሚናገር ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ጉዳዩን በቅርብ የተከታተልሁት በታናሽ እህቴ ምክንያት ነው። መጀመሪያ የዐይኗ ሽፋን ያሳክካት ጀመር፤ ጠዋት ስትነሣ አብጦ ይታያል፣ እስከ ቀትር ድረስ ይጎድላል። ቀጥሎ የአንገቷ ግራና ቀኝ እንዲሁም ከጆሮዋ ኋላ ያለው ቆዳ ደርቆ ሻከረ፤ ውሎ አድሮም ጠቆረ። ጎረቤታችን ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አመጡላት። እናታችን ማድያት ነው አሉ። የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ ለማድያት ፍቱን ነው የተባለ ክሬም ገዝታ ሰጠቻት። ሁሉም በፍቅር ያደረጉት ነው፤ ነገር ግን ክሬሙ ራሱ ከሩቅ የሚሸት፣ ጠንካራ መዓዛ የተጨመረበት ነበር፤ በተቀባችውም ማግስት አንገቷ ውኃ የቋጠሩ ትናንሽ ሽፍታዎች አወጣ። በመጨረሻ ያየቻት የቆዳ ሐኪም ብዙ አልጠየቀቻትም። ሽቶ የምትረጭበትን ቦታ በጣቷ እንድታሳያት ብቻ አዘዘቻት፤ የእህቴ ጣት ያረፈው በቀጥታ በጠቆረው ቆዳ ላይ ነበር።

እህቴ ለመቀበል የተቸገረችው አንድ ነገር ነበር፤ «ይህን ሽቶ ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፤ ምንም አላደረገኝም» አለች። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው፤ የማይስማማ ነገር ከሆነ በመጀመሪያው ቀን መታወቅ አለበት ይላል። የሽቶ አለርጂ አካሄዱ ሌላ ነው። ሽቶን የሚሠሩት ንጥረ ነገሮች በጣም ትናንሽ ሞለኪውሎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ክብደታቸው ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) በታች ስለሆነ የቆዳን የላይኛ ሽፋን ዘልቀው ለመግባት አይቸገሩም። ከገቡ በኋላ አንዳንዶቹ ከቆዳው ፕሮቲን ጋር ይጣበቃሉ። የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ይህን የተለወጠ ፕሮቲን እንደ ባዕድ ቆጥረው ወደ ዕጢዎች ይወስዱታል፤ በዚያም ይህንኑ ንጥረ ነገር ለይተው የሚያውቁ ነጭ የደም ሕዋሳት ይራባሉ። ይህ ዝግጅት ለመጠናቀቅ ሁለት ሳምንት ያህል ሊበቃው ይችላል፤ ነገር ግን መቼ እንደሚጀምር አይታወቅም፤ አንዳንዱ ሰው ዐሥር ዓመት ተጠቅሞ በዐሥራ አንደኛው ይጀምረዋል። ዝግጅቱ ሲካሄድ ቆዳው ላይ የሚታይ ምልክት የለም። ከተጠናቀቀ በኋላ ግን ያ ንጥረ ነገር ቆዳን በነካ ቁጥር ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማሳከኩና ሽፍታው ይመጣል። እሑድ የተረጨው ሽቶ ማክሰኞ ስለሚያሳክክ፣ ሰው ጥፋቱን በሰኞው ምግብ ወይም በማክሰኞው ፀሐይ ላይ ቢያሳብብ አያስገርምም። አንዴ የተመዘገበው ትውስታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይጠፋም።

ይህን ከተራ መቆጣት መለየት ያስፈልጋል። አዲስ በተላጨ ብብት ላይ የተቀባ ዲኦድራንት ወዲያው ቢያቃጥል አልኮሉ የተከፈተውን ቆዳ ነክቶት ነው፤ ቆዳው ሲድን ችግሩም አብሮ ይሄዳል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ በጋዋ ደረቅ፣ ፀሐይዋም ብርቱ የሆነች ከተማ ናት። የደረቀና የተሰነጣጠቀ ቆዳ ደግሞ አጥሩ ስለሚላላ የሚያስቆጣውንም አለርጂ የሚያስነሣውንም በቀላሉ ያስገባል። ችፌ ያለበት ሰው በተለይ መጠንቀቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

የሰውን ቁጥር በተመለከተ ማስፈራራት አልፈልግም። በአውሮፓ ከጠቅላላው ሕዝብ ከ1 እስከ 3 በመቶ የሚሆነው የሽቶ ንጥረ ነገሮች አለርጂ እንዳለበት ይገመታል፤ የቆዳ ችግር ይዟቸው ለአለርጂ ፈተና ከሚቀርቡት መካከል ደግሞ ከዐሥሩ አንዱ ገደማ ለነዚሁ ንጥረ ነገሮች ምላሽ ያሳያል። አብዛኛው ሰው ሽቶውን እየተረጨ በሰላም ይኖራል ማለት ነው። ጭንቀቴ ለቀሩት ነው፤ ምክንያቱም ሊርቁት የሚገባውን ነገር በስሙ የማያውቁት እነርሱ ናቸው።

አንድ ሽቶ ውስጥ ምን እንዳለ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1868 (ስለ ውጭ ሀገር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ፐርኪን ኩማሪን የተባለውን፣ እንደ ታጨደ ድርቆሽ ያለ ጣፋጭ መዓዛ ያለውን ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ ሠራ። በ1874 የቫኒላን መዓዛ የሚሰጠው ቫኒሊን ተከተለ። በ1882 ሁቢጋን የተባለው የፓሪስ ሽቶ ቤት ኩማሪንን የጨመረበትን «ፉዤር ሮያል» የተባለ ሽቶ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የሽቶ ሥራ ከአበባ እርሻ ይልቅ ወደ ፋብሪካ ተጠጋ። በዚህ መበሳጨት አይገባም፤ መዓዛ ከነገሥታትና ከባለጠጎች እጅ ወጥቶ በደመወዝ የምትኖር መምህርት ልትገዛው የቻለችው በዚህ ለውጥ ነው። ዛሬ ሽቶ ቀማሚዎች ወደ 3,000 የሚጠጉ ንጥረ ነገሮች በእጃቸው አሉ፤ አንድ የፊት ክሬም ውስጥ የገባው መዓዛ ብቻውን ከነዚህ ውስጥ በዐሥር የሚቆጠሩትን ሊይዝ ይችላል። በማሸጊያው ላይ ግን አብዛኞቹ በአንድ ቃል፣ «ፓርፉም» ተብለው ይጠቃለላሉ። ባለሙያ ሴት ያዘጋጀችውን በርበሬ ከረጢት ላይ «ቅመም» ብሎ ብቻ ጽፎ እንደመሸጥ ነው፤ ኮረሪማ የማይስማማው ሰው ከዚያ ጽሑፍ ምንም አያተርፍም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምሰማውን አንድ አሳብ ማንሣት አለብኝ፤ ጥፋቱ ሁሉ የሰው ሠራሽ ነገር ነው፣ የተፈጥሮ ከሆነ አይጎዳም የሚለውን። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንዴት በቀለለ። ሐኪሞች የሽቶ አለርጂን ለመለየት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚጠቀሙበት የመጀመሪያው ድብልቅ ስምንት ንጥረ ነገሮች አሉት። ከነዚህ አንዱ ዩጂኖል ነው፤ የቅርንፉድን መዓዛ የሚሰጠው እርሱ ነው። ሌላው ሲናማል ነው፤ እርሱም ቀረፋችን ውስጥ ያለ ነው። ሦስተኛው በዛፍ ግንድ ላይ ከሚበቅል ሽበት መሳይ ተክል የሚወጣ ጭማቂ ነው። ሃይድሮክሲሲትሮኔላል የተባለው ግን ከፋብሪካ የሚወጣ ነው። በ2005 የተጨመረው ሁለተኛው ድብልቅም እንዲሁ የተቀላቀለ ነው፤ የሎሚና የጠጅ ሳር መዓዛ የሆነው ሲትራል፣ ሊራል ከተባለው ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገር ጎን ተቀምጧል። ዩጂኖል ከቅርንፉድ ቢወጣም በፋብሪካ ቢሠራም ሞለኪውሉ አንድ ነው፤ ቆዳም አመጣጡን አይጠይቅም። «ተፈጥሯዊ ዘይት» ተብሎ በትናንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን ያልተበረዘ ዘይት ፊት ላይ መቀባት ከብዙ የታወቁ ሎሽኖች ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ጤና አዳምም ቢሆን፣ ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ውኃ የሚያስቋጥርና ጠባሳ የሚመስል ጥቁረት የሚተው ተክል ነው።

ከሰው ሠራሹና ከተፈጥሯዊው ክርክር ይልቅ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የአየር ነገር ነው። ሊናሉልና ሊሞኒን በሽቶ፣ በሳሙናና በሎሽን ውስጥ እጅግ ከሚዘወተሩት መካከል ናቸው። ንጹሕ ሆነው ሳሉ አለርጂ የማስነሣት አቅማቸው ደካማ ነው። ጠርሙሱ ተከፍቶ ከአየር ጋር ሲገናኙ ግን ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ነገር፣ ሃይድሮፐሮክሳይድ ወደሚባለው ይለወጣሉ፤ አለርጂን በብርቱ የሚያስነሣው ይህ ነው። በስዊድን የጎተንበርግ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ ሠርተዋል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በየቤቱ ቡፌ ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች በሌላ ዐይን አያለሁ። ከዐረብ ሀገር እኅት ወይም ልጅ የላከችው ሽቶ ውድ ነውና ለዓመት በዓልና ለሠርግ ብቻ እየተቆጠበ፣ ከመስኮት በሚገባው ፀሐይ ፊት ለዓመታት ይቀመጣል፤ ፈሳሹ ቢጫነቱ ይጨምራል፣ ሲከፈትም የመጀመሪያው ሽታው ጎምዘዝ ያለ ይሆናል። ያን የላከችውን ሰው ፍቅር አስቦ መጣሉ ልብን ያሳምማል። ጠርሙሱን ለመታሰቢያ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ፈሳሹን ግን ቆዳ ላይ ማዋል አይገባም።

የሊራል ታሪክ ብቻውን ሊነገር የሚገባው ነው። በፈረንጆች የተወደደች፣ ትናንሽ ነጭ ደወል የመሰለች አበባ አለች፤ መዓዛዋን ከአበባዋ ጨምቆ ማውጣት ስላልተቻለ ሽቶ ቀማሚዎች በሰው ሠራሽ ንጥረ ነገሮች ይመስሉታል። ሊራል፣ ሊሊያልና ሃይድሮክሲሲትሮኔላል የዚህ ሥራ ዋና ዋና መሣሪያዎች ነበሩ። ሊራል በዲኦድራንት፣ በሎሽን፣ በወንዶች የጢም ሽቶ ውስጥ ሳይቀር በብዛት ገባ። በ1990ዎቹ የአውሮፓ የቆዳ ሐኪሞች በሊራል የተጎዱ ሰዎች መበርከታቸውን እያሳዩ ማስጠንቀቅ ጀመሩ። የአውሮፓ ኅብረት ሙሉ በሙሉ የከለከለው ግን በ2017 ባወጣው ደንብ ሲሆን፣ ከነሐሴ 2019 ጀምሮ አዲስ ምርት፣ ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ደግሞ በመደርደሪያ ላይ የቀረው ሁሉ እንዳይሸጥ ሆነ። በዚያው ደንብ ቀደም ሲል በጠቀስሁት የዛፍ ተክል ጭማቂ ውስጥ የሚገኙት አትራኖልና ክሎሮአትራኖልም ታገዱ። ሊሊያል በ2022 መጋቢት የተከለከለው በሌላ ምክንያት፣ የመራቢያ አካልን ይጎዳል ተብሎ ነው። ከመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ እስከ ክልከላው የሄደው ጊዜ ረጅም ነው፤ በዚያ መካከል ስንት ሰው ለዕድሜ ልክ የሚቆይ አለርጂ እንዳተረፈ ሳስብ እጅግ አዝናለሁ።

ለእኛ ለጥቁር ሕዝቦች ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከጃፓን የመጣው ትምህርት ይመስለኛል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙ የጃፓን ሴቶች ፊታቸው ያለ ግልጽ ምክንያት እየጠቆረ ወደ ሐኪም ይመጡ ነበር። ሐኪሞቹ መዋቢያዎቹን አንድ በአንድ ሲፈትሹ ጥቁረቱን ያመጡት በመዋቢያው ውስጥ ያሉ የሽቶና የቀለም ንጥረ ነገሮች ሆነው አገኟቸው፤ ከነርሱም ቤንዚል ሳሊሲሌትና የጃዝሚን ጭማቂ ይገኙበታል። ከ1977 ጀምሮ ትልልቅ አምራቾች እነዚህን ሲያስወግዱ አዳዲስ ሕሙማን እየቀነሱ ሄዱ። አለርጂው በነዚያ ሴቶች ላይ የታየው በመቅላት ሳይሆን በመጥቆር ነበር። የሕክምና መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ያሳዩን የቀላ ነጭ ቆዳ ነው፤ በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ስለማይጎላ በዐይን ቀድሞ የሚታየው ድርቀት፣ ትናንሽ ጉብታና ወደ ቡናማ ወይም ወደ ግራጫ የሚያደላ ጥቁረት ነው። እርሱም ሽፍታው ከጠፋ በኋላ ለወራት ይቆያል።

ከማድያት ጋር የሚምታታው እዚህ ላይ ነው። ማድያት አያሳክክም፤ ብዙውን ጊዜም ግንባርን፣ ጉንጭንና የላይኛውን ከንፈር ግራና ቀኝ እኩል ይይዛል። አንገት ላይ የወጣ፣ ከመጥቆሩ በፊት ያሳከከ ነገር ማድያት ነው ብሎ ለማሰብ አያስደፍርም። ሴቶቻችን ግን ጥቁረቱን ባዩ ጊዜ ለማድያት የሚሸጠውን ማንጫ ይገዛሉ፤ እርሱም ሽቶ አለው፤ ቆዳውን ዳግም ያስቆጣዋል፤ ጥቁረቱ ሲብስ ደግሞ ከበድ ያለውን ይፈልጋሉ። እህቴ በዚህ ዙር ውስጥ ለመግባት አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የቀራት።

ሐኪሟ ሽታ ያለውን ሁሉ ለጥቂት ሳምንታት እንድትተው ካዘዘቻት በኋላ፣ ለእርሷ የሚሆን ሎሽን ፍለጋ አብረን ወደ ፒያሳ ወጣን። ባለሱቁ ትሑት ወጣት ነበር። «ሽታ የሌለው አለ ወይ?» ስለው ለአፍታ አሰበና «እህቴ፣ ይሄ ኦሪጂናል ነው» ብሎ አንድ ጠርሙስ ዘረጋልኝ። ጀርባውን አዞርሁት። ጽሑፉ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ከፊሉን ደግሞ የአስመጪው ነጭ ወረቀት ሸፍኖታል። ወረቀቱን በጥፍሬ ጥቂት ሳነሣው ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ «ፓርፉም» የሚለው ብቅ አለ፤ ከርሱም ኋላ ሊናሉል፣ ሊሞኒን፣ ሄክሲል ሲናማል፣ ቤንዚል ሳሊሲሌት ተከታትለው ተጽፈዋል። ጠርሙሱ ፊት ለፊት በትልቁ «ለስስ ቆዳ» ይላል። ሁለተኛው «ሽታ አልባ» የሚል ነበረበት፤ ይህም ቢሆን የጥሬ ዕቃውን ሽታ ለመሸፈን ሌላ መዓዛ ሊጨመርበት እንደሚችል አውቅ ስለነበር ዝርዝሩን አነበብሁ። «ሃይፖአለርጂኒክ» የሚለውም ቃል ቢሆን በአሜሪካ ሕግ የተወሰነ መመዘኛ የለውም፤ አምራቹ እንደፈቀደ ይጽፈዋል። ወጣቱ ሁሉንም ጠርሙሶች እያወረደ ያለ መሰልቸት አሳየን፤ በመጨረሻም ተራው ቫዝሊን፣ ያውም ሽታ ያልተጨመረበት፣ ከሁሉ የቀለለ ዋጋ ያለው፣ ይዘን ወጣን።

በጠርሙሱ ጀርባ ያየኋቸው ስሞች የተጻፉት በአውሮፓ ሕግ ምክንያት ነው። ከ2005 ጀምሮ አምራቾች 26 የታወቁ አለርጂ አስነሺዎችን በስማቸው እንዲጽፉ ተገድደዋል፤ ግዴታው የሚጀምረው ቆዳ ላይ በሚቆይ ነገር ከ0.001 በመቶ፣ ታጥቦ በሚሄድ ነገር ደግሞ ከ0.01 በመቶ ሲበልጡ ነው። በሌላ ገበያ ለመሸጥ የተሠራ ዕቃ ይህን ላይከተል ይችላል፤ በሚሊ እየተቀዳ የሚሸጠው የዘይት ሽቶማ ጨርሶ ጽሑፍ የለውም። በሀገራችን መዋቢያዎችን የመቆጣጠር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ይህ ሥልጣን የአስመጪው ወረቀት ዝርዝሩን እንዳይሸፍን፣ እንዲያውም ዋና ዋናዎቹ ስሞች በአማርኛ እንዲጻፉ ለማድረግ ቢውል እመኛለሁ።

የእህቴ ቆዳ ሰክኗል፤ ጥቁረቱ ቀስ እያለ እየለቀቀ ነው። የቀረው ከሰው ጋር ያለው ነገር ነው። እኛ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን የምንሰላለም ሰዎች ነን፤ የሌላው ሰው ሽቶ በጉንጭና በአንገት በኩል እንደሚተላለፍ፣ የባል የጢም ሽቶ የሚስትን ፊት እንደሚያሳክክ ሐኪሞች ደጋግመው መዝግበዋል። የተረጨ ነጠላም እንዲሁ ነው፤ መዓዛው በጨርቁ ውስጥ ቆይቶ አንገትን ይነካል። የዕጣን ጢስም በአየር ተሸክሞ ፊት ላይ በማረፍ ስሜተ ስስ ሰዎችን ሊያስቆጣ ይችላል፤ እርሷን ግን እስካሁን ስላልነካት ቡናችንን በዕጣናችን እንጠጣለን፤ የምትቀመጠው ወደ በሩ ጠጋ ብላ ነው። ዘመዶች ለሰላምታ ሲቀርቡ «አንገቴን ያመኛል» ብላ እጇን ትዘረጋለች፤ ሁሉም ተረድቷታል፤ አንዲት አክስታችን ብቻ ለጊዜው ቅር ብሏቸው ነበር።

አዲስ ነገር ስትገዛ አሁን የምታደርገው የሐኪሟን ምክር ነው። ሎሽን ወይም ክሬም ከሆነ በክንዷ ውስጠኛ ክፍል፣ ከክርኗ በታች ባለው ቦታ ላይ በትንሹ ጠዋትና ማታ ትቀባለች፤ ይህን ለአንድ ሳምንት፣ ቢቻል ለሁለት ሳምንት ትቀጥላለች። እስከዚያ ካላሳከከና ካልሻከረ ወደ ፊቷ ታልፋለች። ሳሙናና ሻምፖ ግን እንዲህ ተቀብተው ቢቀሩ ቆዳን ስለሚያቃጥሉ በዚህ መንገድ አይፈተኑም። ትክክለኛውን ስም የሚያወጣው ፈተና በጀርባ ላይ የሚለጠፈው ነው፤ በጀርመናዊው ሐኪም ዮሴፍ ያዳሶን በ1895 የተጀመረ፣ ንጥረ ነገሮቹ በትናንሽ ሳህኖች ተደርገው ለሁለት ቀን የሚለጠፉበትና ውጤቱ ከተነሡም በኋላ ዳግም የሚነበብበት ነው። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ሲነበብ ሐኪሙ በዐይኑ ብቻ ሳይወሰን በጣቱ ጭምር ጉብታውን መዳሰስ ይገባዋል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው አዲስ ደንብ በስም መጻፍ ያለባቸውን ንጥረ ነገሮች ከ80 በላይ አድርሷቸዋል። አዲስ የሚወጡ ምርቶች ከሐምሌ 2026 መጨረሻ፣ ቀድሞ በገበያ የነበሩትም ከሐምሌ 2028 መጨረሻ ጀምሮ ይህን መከተል አለባቸው። ዝርዝሩ እየረዘመ ሲሄድ ትናንሽ ጠርሙሶች ላይ ስለማይበቃ በካርቶኑ ላይ ብቻ የሚጻፍበት ጊዜ ይበዛል። ባለሱቆቻችን ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ካርቶኑን ቀድደው ጠርሙሱን ብቻ መደርደር የለመዱ ናቸውና፣ ቢያንስ ከየዓይነቱ አንዱን ካርቶን ለገዢ ማሳያ አስቀምጡልን እላቸዋለሁ።